ስለ ወሮች ስያሜ፤ ከሮማ እስከ ደምቢያ

በማኅበራችን አባላት ጠረጴዛ ላይ ከሚገኙት ሰነዶች አብዛኞቹ ሁለት ዓይነት ቀን የተጻፈባቸው ናቸው። የሥራው ውል በመስከረም ይፈረማል፤ ከውጭ የታዘዘው ዕቃ የሚጫንበት ጊዜ ግን በሴፕቴምበር ይገለጻል። የበጀቱ ዓመት በሐምሌ ይከፈታል፤ የአበዳሪው ድርጅት ሪፖርት ግን በጁላይ ይጠየቃል። በሁለቱ መካከል ያለውን የቀን ልዩነት ለማስላት ቀድሞ ሠንጠረዥ ነበረን፤ ዛሬ በእጅ ስልክም ይሰላል። ስሞቹ ምን ማለት እንደ ሆኑና ማን እንዳወጣቸው ግን እምብዛም አንጠይቅም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነገሩን መመርመር የጀመረው ከሥራ ችግር ተነሥቶ ነው፤ ችግሩም በቦታው ይገለጻል።

የሮማውያን ጥንታዊ ዓመት የሚጀምረው በጃንዋሪ ሳይሆን በማርች ነበር። እንደ ትውፊታቸው ከሆነ፣ ከተማይቱን የቆረቆረው ሮሙሉስ የደነገገው ዓመት ዐሥር ወሮችና 304 ቀኖች ብቻ ነበሩት፤ ምድሪቱ በብርድ ተይዛ እርሻም ዘመቻም የማይታሰብበት ወራት ሳይቆጠር ይታለፍ ነበር ይባላል። የመጀመሪያው ወር የተሰየመው በማርስ ስም ነው። ማርስን ብዙዎቻችን የምናውቀው በጦርነት አምላክነቱ ሲሆን፣ የጥንቱ የሮማ ገበሬ ግን ለእርሻውና ለከብቱ ጥበቃም የሚማጸነው እርሱኑ ነበር። ስለዚህ ይህ ስም በአንድ ወገን የዘመቻ መነሻ፣ በሌላ ወገን የቡቃያ ጠባቂ ነው። አራሹና ዘማቹ አንድ ሰው በነበረበት አገር ይህ የሚያስደንቅ አይደለም፤ የእኛም ባላገር ክተት ሲታወጅ ሞፈሩን ሰቅሎ ጋሻውን ያወርድ ነበርና።

ስለ ኤፕሪል ራሳቸው ሮማውያንም አልተስማሙም። ቫሮ የተባለው ሊቅ «መክፈት» ከሚለው የላቲን ግስ አምጥቶ ምድር የምትከፈትበት ወር ነው ሲል፣ ሌሎች ደግሞ የፍቅር አምላክ ከምትባለው ከአፍሮዲት ስም ጋር ያያይዙታል። በዚህ ረገድ እጅግ የሚያስደስተው ባለቅኔው ኦቪድ የሮማን በዓላት በየወሩ እየተረከ በጻፈው «ፋስቲ» በተሰኘው ሥራው የተከተለው መንገድ ነው። ሜይ ላይ ሲደርስ የኪነ ጥበብ አማልክትን እርስ በርሳቸው ያከራክራቸዋል፤ አንደኛዋ ስሙ «ግርማ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው ትላለች፤ ሁለተኛዋ ከ«ሽማግሎች» ነው ትላለች፤ ሦስተኛዋ የመርኩሪ እናት ከሆነችው ከማያ ነው ትላለች። ስለ ጁንም እንዲሁ የጁፒተር ሚስት ጁኖ፣ የወጣትነት አምላክና የስምምነት አምላክ ወሩን ይሻሙበታል። ኦቪድ ለማንኛዋም ሳይፈርድ ያልፋል። በጎንደር ጉባኤ ቤቶች አካባቢ ላደገ ሰው ይህ አካሄድ እንግዳ አይደለም። የእኛ መተርጉማን አንዱን ቃል በብዙ መንገድ ፈትተው፣ «አንድም» እያሉ ፍቹን በፍች ላይ ሲደርቡ አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም። ኦቪድን አውግስጦስ ቄሣር እ.ኤ.አ. በ8 ዓ.ም. ወደ ጥቁር ባሕር ዳርቻ ስላጋዘው፣ ሥራው ከስድስተኛው ወር አላለፈም።

ከጁን በኋላ በጥንቱ የሮማ ዓመት የአማልክቱ ስም ያበቃና ቁጥር ይተካል። አምስተኛው፣ ስድስተኛው፣ ሰባተኛው እየተባለ እስከ ዐሥረኛው ይሄዳል። ሴፕቴምበር «ሰባት»፣ ኦክቶበር «ስምንት»፣ ኖቬምበር «ዘጠኝ»፣ ዲሴምበር «ዐሥር» ከሚሉት የላቲን ቁጥሮች የወጡ ናቸው። ዛሬ ግን ሴፕቴምበር ዘጠነኛ፣ ዲሴምበርም ዐሥራ ሁለተኛ ነው። ይህ የሆነው ከሮሙሉስ ቀጥሎ ነገሠ የሚባለው ኑማ ሁለት ወሮች ስለ ጨመረና፣ በኋላም የዓመቱ መነሻ ወደ ጃንዋሪ ስለ ተዛወረ ነው። የአንድ ሕንፃ ንድፎች ተቆጥረው ካለቁ በኋላ ከፊት ሁለት ሉሆች ተጨምረው የቀሩት ቁጥሮች ሳይታረሙ እንደ መቅረታቸው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጥራዝ ለተቆጣጣሪ መሐንዲስ ቢቀርብለት ሳይፈርም ይመልሰዋል፤ ዓለም ግን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲሠራበት ኖሯል።

ከተጨመሩት ሁለት ወሮች አንዱ የተሰየመው በጃኑስ ነው። ጃኑስ የበርና የመተላለፊያ አምላክ ሲሆን፣ አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ የሚመለከቱ ሁለት ፊቶች ያሉት ሆኖ ይቀረጽ ነበር። በሮማ የሚገኘው የመቅደሱ በር በጦርነት ጊዜ ይከፈታል፤ በሰላም ጊዜ ይዘጋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ153 ዓመት፣ በስፔን በተነሣው ጦርነት ምክንያት የሮማ ሹማምንት ሥልጣን የሚረከቡበት ቀን ወደ ጃንዋሪ 1 ተዛወረ። እንግዲህ ዛሬ ዓለም በሙሉ አዲስ ዓመት የሚለው ቀን በአመጣጡ የሥልጣን መረካከቢያ ቀን ነው ማለት ነው።

ፌብሩዋሪ ስሙን ያገኘው «ፌብሩዋ» ከሚባለው የመንጻት ሥርዐት ነው። ሮማውያን በዚህ ወር ሙታናቸውን ያስባሉ፣ ቤታቸውንና ከተማቸውንም ከርኩሰት ያነጻሉ። የእኛ አገር አንባቢ ይህን ሲያነብ ኅዳር 12 ቀን ትዝ ሊለው ይገባል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ የአዲስ አበባን ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ ኅዳር ሚካኤል በመጣ ቁጥር ጥራጊ ሰብስቦ ማቃጠል ልማድ ሆኖ «ኅዳር ሲታጠን» ተባለ። ሮማውያን ሥርዐቱን ለወሩ ስም አደረጉት፤ እኛ ደግሞ ወሩ ስሙን እንደያዘ ሥርዐቱን በላዩ አከልንበት።

የአማልክትና የቁጥር ነገር በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር፤ ነገር ግን የሹማምንት ተራ መጣ። ዩልዮስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ46 ዓመት የተበላሸውን አቆጣጠር ለማስተካከል ተነሣ። የጳጳሳት ማኅበር የሚባሉት የሮማ ካህናት ለወዳጃቸው የሹመት ዘመን ለማርዘም፣ ለጠላታቸው ለማሳጠር ሲሉ ወር እየጨመሩና እያስቀሩ ዓመቱን ከወቅቱ አፋልሰውት ነበር። እርሱን ለማቃናት ያ ዓመት 445 ቀኖች እንዲኖሩት ግድ ሆነ። ቄሣር ከተገደለ በኋላ አምስተኛው ወር በስሙ ጁላይ ተባለ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8 ዓመት ደግሞ ስድስተኛው ኦገስት ተባለ። አውግስጦስ ከልደቱ ወር ይልቅ ይህን የመረጠው እስክንድርያን የያዘበት ወር ስለ ነበረ ነው። አውግስጦስ ወሩ ከጁላይ እንዳያንስ ከፌብሩዋሪ አንድ ቀን ሰረቀ የሚለው ወሬ ግን በሙያ ባልደረቦቻችን ዘንድ ሳይቀር ቢወራም ተረት ነው። በጣልያን አገር አንሲዮ ላይ የተገኘው፣ ከዩልዮስ ቄሣር ማሻሻያ በፊት በግድግዳ ላይ የተሣለ የቀን መቁጠሪያ ፌብሩዋሪን ከጥንትም ባለ 28 ቀን አድርጎ ያሳያል። ኔሮንና ዶሚትያንም በየተራቸው ስማቸውን በወሮች ላይ ለጥፈው ነበር፤ ሲሞቱ ስሙ አብሯቸው ተቀበረ።

ቄሣር የማሻሻያውን ሐሳብ ያገኘው ከእስክንድርያው የከዋክብት ሊቅ ከሶሲጌኔስ ነው ይባላል። በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን እንዲጨመር ታዘዘ። ካህናቱ ግን መነሻውንም መድረሻውንም ዓመት ስለሚቆጥሩ በየሦስት ዓመቱ ጨመሩት፤ ስሕተቱ ሠላሳ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ አውግስጦስ አረመው። ይህም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አቆጣጠር አይደለም። ሰባት ቀን የሆነውን ጊዜ ከ«ስምንት» አውጥተን «ሳምንት» የምንለው ሁለቱንም ጫፎች ስለምንቆጥር ነው። በቅየሳ ሥራ ላይ ችካል የቆጠረና በችካሎቹ መካከል ያለውን ርቀት የቆጠረ ሁለት ሰዎች ሲጨቃጨቁ ያላየ የማኅበር አባል አይኖርም።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ ወደ እኛ የሚመጣው። አውግስጦስ ግብጽን ከያዘ በኋላ በ365 ቀን ሲቆጠር የኖረው የግብጻውያን ዓመት በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ስድስተኛ ጭማሪ ቀን እንዲኖረው ተደረገ። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የዚህ የእስክንድርያ አቆጣጠር ልጅ ነው። ዐሥራ ሁለት ባለ ሠላሳ ቀን ወሮችና አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜን፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻም ስድስተኛዋ ቀን፣ ሁሉም ከዚያው የወጣ ነው። ስለዚህ የሮማውያኑና የእኛ አቆጣጠር ባዕዳን ሳይሆኑ በእስክንድርያ በኩል የተዛመዱ ናቸው።

የሚያስገርመው ግን አባቶቻችን ቅርጹን ሲወስዱ ስሞቹን መተዋቸው ነው። የግብጽ ክርስቲያኖች እስከ ዛሬ የመጀመሪያውን ወር በጽሕፈትና በስሌት አምላክ በቶት፣ ሦስተኛውን ሃቶር በተባለችው አምላክ ስም ይጠሩታል። የእኛ ወሮች ግን በአገር ቋንቋ ተሰየሙ። ኅዳርና ሃቶር በድምፅም በተራም ይመሳሰላሉ፤ ሆኖም መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የግዕዝ ሊቃውንትም ኅዳርን «ኀደረ» ከሚለው ግስ አውጥተው ጠባቂ በእህሉ መካከል የሚያድርበት ወር ነው ብለው ይፈቱታል። በዚሁ መንገድ ታኅሣሥን «ኀሠሠ»፣ ማለትም ፈለገ ከሚለው ያመጡታል። የካቲትን ከ«ከተተ» አምጥተው እህል ወደ ጎተራ የሚገባበት ነው ይላሉ። መጋቢትን «መገበ» ከሚለው፣ ሐምሌን ሐምል ማለትም ቅጠላ ቅጠል ከሚለው ቃል ያወጣሉ። መስከረም በልዩ ልዩ መንገድ ቢፈታም፣ «ከረመ» የሚለው ግስ በውስጡ እንደሚሰማ ጆሮ ያለው ሁሉ ይመሰክራል። ከዐሥራ ሦስቱ የባዕድ ስም መሆኑ በግልጽ የሚታወቀው ጳጉሜን ብቻ ነው፤ እርሱም በግሪክ «የተጨመሩ» ማለት ነው።

እነዚህ ፍችዎች ሁሉም በሥነ ልሳን ምርመራ የጸኑ ናቸው አይባልም። ነገር ግን ሊቃውንቱ ስሞቹን ሲፈቱ የሄዱበት አቅጣጫ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ፤ ወደ ማሳ፣ ወደ ጎተራና ወደ ዝናብ ሄዱ እንጂ ወደ አማልክትም ወደ ነገሥታትም አልሄዱም። የነገሥታት ስም በአንዱም ወር ላይ የለም። ታሪካችንን የምናስታውሰው ወሩን በመለወጥ ሳይሆን ቀኑን ከነቁጥሩ በመያዝ ነው፤ የካቲት 23፣ የካቲት 12፣ ሚያዝያ 27 ስንል ዓመቱን እንኳ ሳንጠራ እንግባባለን። የፈረንሣይ አብዮተኞች እ.ኤ.አ. በ1793 የአማልክቱንና የቄሣሮቹን ስሞች አጥፍተው ወሮቹን በወይን ለቀማ፣ በጭጋግና በሙቀት ሰየሙ፤ እያንዳንዱን ወር ሠላሳ ቀን አድርገውም አምስት ወይም ስድስት ቀን ጨመሩበት። ባላወቁት መንገድ ከእኛ አቆጣጠር አጠገብ ደርሰው ነበር ለማለት ይቻላል። ሥራው ግን እስከ 1805 መጨረሻ ብቻ ቆየ።

እዚህ ላይ በመሐንዲስነት የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። የእኛ ዓመት በአማካይ 365.25 ቀን ነው፤ የፀሐይ ዓመት ደግሞ 365.2422 ቀን ያህል ነው። ልዩነቱ በ128 ዓመት አንድ ቀን ይሆናል። ሊቀ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1582 ያሻሻሉት አቆጣጠር 365.2425 በመሆኑ ይበልጥ ይጠጋል። መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 መዋሉም ለዘላለም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ2100 ጀምሮ ወደ 12 ይሸጋገራል። ወር ጁላይ ቢባል ከወቅቱ ቢንሸራተትም ቄሣርን የሚጎዳው ነገር የለም። ወር የዝናብንና የመከርን ትርጉም ከተሸከመ ግን መንሸራተቱ ስሙን ያለ ፍች ያስቀረዋል። ለዚህ የሚፈጀው 3,800 ዓመት ያህል ቢሆንም፣ በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ላይ ለተሰማሩት ሁሉ ሊታሰብ የሚገባው ጉዳይ ነው።

የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ወደ አገራችን ለመግባት የሞከረው ደግሞ በደምቢያ በር ነው። ኮላ ድባ ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የደምቢያ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ይህ መንገድ በሁለት ታሪካዊ ቦታዎች መካከል የተዘረጋ ነው። በሰሜን አዘዞ፣ ዐፄ ሱስንዮስ ያሠሩትና የተቀበሩበት ገነተ ኢየሱስ ይገኛል። በደቡብ ጎርጎራ፣ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን የተቀመጡበት፣ ፔድሮ ፓኤዝም እ.ኤ.አ. በ1622 ያረፈበት ስፍራ ነው፤ የማርያም ግምብ ፍርስራሽ በጣና ዳር እስከ ዛሬ ይታያል። ሱስንዮስ በዚያው ዓመት የካቶሊክን እምነት መቀበላቸውን በይፋ ገለጡ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ካህናት እንደ ገና እንዲካኑ፣ ምእመናን እንደ ገና እንዲጠመቁ፣ በዓላትና አጽዋማትም በሮማ አቆጣጠር እንዲሆኑ አዘዘ።

ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ በገበሬው ቤት ምን ማለት እንደ ነበር በስሌት ማየት ይቻላል። በዚያ ዘመን በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ከዛሬው በሦስት ቀን ያንሳል። መስከረም 1 በሴፕቴምበር 8 ይውላል፤ የሮማው የልደት በዓል፣ ዲሴምበር 25፣ በተራው ዓመት ታኅሣሥ 19 ቀን ላይ ይወድቃል። ታኅሣሥ 19 ደግሞ የነቢያት ጾም ገና ያልተፈታበት ቀን ነው። እንግዲህ ትእዛዙን የሚቀበል ሰው ጎረቤቱ እየጾመ እርሱ ይፈስካል፤ ትእዛዙን የማይቀበል ደግሞ ንጉሡ በዓል በሚያከብርበት ቀን ጾመኛ ሆኖ ይገኛል። ስለ ባሕርየ ክርስቶስ የሚደረገውን ክርክር ሁሉም ላይከታተለው ይችላል፤ ጾም የተፈታበትን ቀን ግን ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። የዘመኑ ጦርነት ዋና መነሻ ሃይማኖቱና ዳግመኛ ጥምቀቱ እንጂ የቀን መቁጠሪያው ብቻ አልነበረም። ሆኖም የሁሉን ቤት ያንኳኳው ይኸኛው ነው ብሎ መገመት ይቻላል። በወይና ደጋ ከተፈሰሰው ደም በኋላ፣ በ1632 ሱስንዮስ የእስክንድርያን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ፤ መስከረምም ወደ ቦታው ተመለሰ። የደምቢያን ሰው በዚህ ምክንያት ኋላ ቀር የሚል ካለ፣ በዚያው ጊዜ የለንደንም ሰው ይህንኑ አቆጣጠር አልቀበልም ብሎ እንደ ነበርና እስከ 1752 ድረስ እንደ ጸና ማስታወስ ይኖርበታል።

ዛሬ ማንም ማንንም ሳያስገድድ ሁለቱም አቆጣጠሮች በአንድ ወረቀት ላይ ተቀምጠዋል፤ ችግሩም ስሞቹ ተረስተው ቁጥር ብቻ ሲቀር ይነሣል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በደምቢያ ሜዳ በተሠራ አንድ የገጠር መንገድ ላይ ያየው እንደሚከተለው ነው። የደምቢያ አፈር በአብዛኛው ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ መገጭና ድርማ ሲሞሉም ሜዳው ውኃ ይተኛበታል። ስለዚህ የውኃ ማስተላለፊያ ቱቦዎች ከሰኔ በፊት ካልተቀበሩ ሥራው ወደሚቀጥለው ዓመት ያልፋል። በአቅርቦት ውሉ ሠንጠረዥ ላይ የማስረከቢያው ቀን «6/9» ተብሎ ተጽፏል፤ ዓመቱ በውሉ መግቢያ ስላለ አልተደገመም። በሥራው ቦታ ያለን ሰዎች ያነበብነው ግንቦት 6 ብለን ነው። አስተባባሪው ድርጅት አሜሪካን አገር የተማረ ሰው ስለነበረው ጁን 9፣ ማለት ሰኔ 2 ብሎ አነበበው። አቅራቢው ግን ሴፕቴምበር 6 ነው ብሎ ጸና። ሦስቱም እንደየአቆጣጠራቸው ልክ ነበሩ። ቦዩ በግንቦት ተቆፍሮ ሲጠብቅ ሰኔ ገባ፤ ግድግዳው ተናደ፤ ቱቦዎቹ ሲመጡ የተቆፈረው በደለል ተሞልቶ ነበር። የቁፋሮው ወጪ ሁለት ጊዜ ተከፈለ፤ በዚያ መንገድ ወደ ገበያ የሚወጣው ገበሬም አንድ ክረምት በጭቃ ውስጥ አሳለፈ።

«ግንቦት» ወይም «ሴፕቴምበር» ተብሎ በፊደል ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር። ግንቦት የሚለውን ስም ያነበበ የደምቢያ ሰው ዝናብ ሊመጣ አንድ ወር እንደ ቀረው ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያሻውም፤ 9 የሚለው ቁጥር ግን ስለ ዝናብ አንዳች አይናገርም። ሌላው አስገራሚ ነገር የአቅራቢው ሴፕቴምበር 6 በእኛ ጳጉሜን 1 መሆኑ ነው። ከውጭ ተዘጋጅተው የሚመጡ የሥራ መርሐ ግብር ማውጫዎች ብዙዎቹ ዐሥራ ሁለት ሣጥኖች ብቻ ስላሏቸው ጳጉሜንን የሚያስገቡበት ቦታ የላቸውም። በጥንት ግብጻውያን ዘንድ እነዚህ አምስት ቀኖች ኦሲሪስ፣ ሆሩስ፣ ሴት፣ ኢሲስና ኔፍቲስ የተወለዱባቸው ነበሩ፤ በእኛ አገር ደግሞ ጳጉሜን 3 በሩፋኤል ቀን የዘነበው ዝናብ ጠበል ነው ተብሎ ሕፃናት ይጠመቁበታል። በወር ደሞዝ ለምንተዳደረው ጳጉሜን ደሞዝ የሌለባት ወር ናት። የቀን ሠራተኛው ግን በየቀኑ ስለሚታሰብለት፣ በሥራው ቦታ ያለው መዝጋቢ 13 ብሎ ለመጻፍ የሚበቃ ሣጥን ሲያጣ በመዝገቡ ኅዳግ ላይ ስሟን በሙሉ ይጽፋታል።